ሸኚዋ በመስኮት ስትገባ

ሴትዮዋ በመንገድ ስታልፍ ሰው ሁሉ ጤነኛ ይሆናል። ሲያስል የነበረው ሳሉን ይውጣል፣ ወገቡን ይዞ የቆመው ቀጥ ይላል፣ ከመድኃኒት ቤት የሚወጣው ከረጢቱን ከጀርባው ይደብቃል። ባለሱቁ ደግሞ ሰላም ከማለቱ በፊት እጇን ያያል። ቡናማዋን የቆዳ ቦርሳ ከያዘች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዛሬ ወደ ማን ቤት እንደሆነ ይጠይቃታል። ካልያዘች ፊቱ ይፈታና ሳሙናውን ሳይከራከር ይሸጥላታል።

ሥራዋ ሞት የቀረባቸውን ሰዎች አጠገባቸው ተቀምጣ መሸኘት ነው። ሐኪሙ "በቃ፣ ወደ ቤታችሁ ውሰዱት" ሲል ቤተሰቡ እሷን ይጠራል። መድኃኒት አታዝም፣ መርፌ አትወጋም። እንግዳ ተነሥቶ ሲሄድ ጫማውን እስኪያጠልቅ የሚጠብቀው፣ እስከ በር ድረስ አብሮት የሚሄድ ሰው አለ አይደል? እሷ እንደዚያ ናት። ስለዚህ ሰፈሩ "ሸኚዋ" አላት፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ሰው ከኋላዋ የሚለውን ሁሉ ታውቃለች። ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ትጫወትበታለች። የሰፈሩን ወሬ ቤት ለቤት የምታዳርስ አንዲት ጎረቤት አለች። ሸኚዋ አንዳንድ ቀን የዚህችን ሴት በር ስትደርስ ትቆማለች፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ ታስራለች፣ ቀና ብላ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ታያለች፣ "እህህ" ብላ ተንፍሳ መንገዷን ትቀጥላለች። ወሬኛዋ በዚያ ሳምንት ደሟን፣ ዓይኗንና ጥርሷን ተመርምራ ትመጣለች። የሸኚዋ እኅት ልጅ ይህን ሰምታ ሰው ማስደንገጥ ኃጢአት አይደለም ወይ ብትላት፣ ወሬኛዋ የደም ግፊት እንደተገኘባትና መድኃኒት እንደጀመረች ነገረቻት። "እንዲያውም ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር" አለች።

ይህ ሁሉ ተንኮሏ የማይሠራበት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የታላቅ እኅቷ የእትዬ ቤት። በዚያ በር እግሯን ካስገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሰው ሞቶባቸው በሚያለቅሱ ቤቶች ሁሉ የክብር ወንበር የሚቀርብላት ሴት፣ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ በእኅቷ በር እንደ ዘመድ መግባት።

ሥራዋን ማንም አላስተማራትም። ወጣት ሳለች በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩስ ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ እየጮኸ ማውራት ይለምዳል። አንድ ቀን ተላላኪው ቀረና የታጠፈውን አንሶላ ተሸክማ እሷው ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ጥጉ ላይ ተኝተው የነበሩ አንድ ሽማግሌ የከባድ መኪና ሾፌር የሽርጧን ጫፍ ያዙ።

"እዚህ ያለው ሁሉ ያንሾካሹካል። አንቺ ነሽ እንደ ሰው የምትናገሪው" አሏት። "እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ እሞታለሁ?"

እሷ ግራና ቀኝ ብታይ የሚረዳት የለም። "እኔ አንሶላ ተኳሽ ነኝ፣ አባባ" አለች። "ግን ነርሷ ለሚቀጥለው ሳምንት አንሶላ ስትቆጥሪ የእርስዎን አልጋ አትቁጠሪው ብላኛለች።"

ሾፌሩ ሳቁ። ለሦስት ሳምንት ፈገግ ያላሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ አስቀምጠዋት የነዱበትን መንገድ ሁሉ ኩርባ በኩርባ ነገሯት። ከሰዓት በኋላ ሲያርፉ እጃቸው ሽርጧን እንደያዘ ነበር። ዋና ነርሷ በጣም ተቆጣቻት፤ ከሥራ እንደምታስወጣትም ዛተች። በሳምንቱ ግን በሌላ አልጋ ላይ ያለች በሽተኛ መረጋጋት ሲያቅታት፣ ያቺን ተኳሽ ጥሩልኝ ብላ ሰው የላከችው ራሷ ዋና ነርሷ ናት።

ከሾፌሩ ሁለት ነገር ተማረች። አንደኛው፣ አታንሾካሹክም፤ ሹክሹክታ የሌባ ነው ትላለች። ሁለተኛው፣ የተጠየቀችውን አትዋሽም፣ ያልተጠየቀችውን አትናገርም። ይህች ሁለተኛዋ ናት ኋላ ጉድ ያፈላችባት።

ከሆስፒታሉ ከለቀቀች በኋላ ሰው ቤት ድረስ ይጠራት ጀመር። ስትገባ በመጀመሪያ የሚያንሾካሹኩትን ታስወጣለች። ቀጥላ አልጋውን ወደ በሩ ታዞራለች፤ ሰው ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ማን እንደገባ በኮቴ መገመት የለበትም። ከዚያ ዝቅ ያለ በርጩማ አምጥታ በግርጌ በኩል ትቀመጥና ከቦርሳዋ የጥፍር መቁረጫ አውጥታ ከእግር አውራ ጣት ትጀምራለች። ጥፍሩን የምትቆርጥለትን ሴት የሚፈራ ሰው እስካሁን አላጋጠማትም። በመጨረሻም ለበሽተኛው ሥራ ትሰጠዋለች፤ ሥራ የያዘ ሰው ለመፍራት ጊዜ የለውም ባይ ናት።

ለአንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሰጠችው ሥራ እስከ ዛሬ ይወራል። ልጃቸው ለቀብራቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ተደብቆ ሲጽፍ ያዘችውና ወረቀቱን ተቀብላ ለአባትየው ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ሰጠች። ዳይሬክተሩ አርመው ከአሥር ስድስት ሰጡት። "ደግ አባት ነበሩ" የሚለው ላይ አስምረው "ማስረጃ?" ብለው ጻፉበት። ልጁ ተናዶ ወጣ፤ በማግስቱ ሁለተኛ ረቂቅ ይዞ መጣ። ሰባት ዓመቱ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው አባቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ እሱን አዝለው ጎርፉን እንዳሻገሩት ጽፎ ነበር። ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ይዘው ቆዩና ዘጠኝ ሰጡት። አሥር ለምን እንዳልሰጡት ቢጠየቁ "አሥር ካገኘ ይዘናጋል" አሉ።

ከጠሯት ሁሉ ያሳፈራት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቁልፍ ሠሪ ነው። ሐኪሙ አሥር ቀን ሰጥቶት ነበር። ሸኚዋ መጣች፣ አልጋውን አዞረች፣ ጥፍሩን ቆረጠች፤ ለሥራ ደግሞ በርና ሣጥናቸው የጠፋባቸው አሮጌ ቁልፎች የሞሉበትን ጣሳ ሰጥታ በየመልካቸው እንዲለያቸው አዘዘችው። ሰውየው ሲለይ፣ ሲለይ፣ ራበው። በላ። በሦስተኛው ሳምንት ተነሥቶ ሱቁን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባያት ቁጥር ኮፍያውን አንሥቶ "ይቅርታ፣ አለሁ" ይላታል። እሷም "ግዴለም፣ አልተቸኮለም" ትለዋለች።

ወደ እትዬ ልመለስ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ በስምንት ዓመት ትበልጣታለች። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ስለኖረች ድምፅዋ ግድግዳ ይሰብራል። ባሏ ካርታ የሚነድፍ፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ እንኳ ወለሉን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነበር። ሲታመም ሸኚዋ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ "እስቲ ሾርባውን አሙቂለት" ብላ እኅቷን ወደ ኩሽና ላከቻት። እትዬ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ ባሏ ሄዷል።

ከቀብር መልስ እትዬ በሩ ላይ ቆመች። "ከእንግዲህ በዚህ በር እግርሽ እንዳይገባ" አለቻት። "አንቺ ስትገቢ ሰው ይወጣል።"

መቼም እኅትማማችነት በአንድ ቃል አይቆረጥም። ከወር በኋላ ታናሺቱ ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች። እትዬ ከውስጥ ወንበር አምጥታ ከደፉ ወዲህ ተቀመጠች፤ ሌላ ወንበር ደግሞ በእግሯ ገፍታ ከደፉ ወዲያ አወጣችላት። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ተጨዋወቱ፤ አንዷ ቤት ውስጥ፣ አንዷ ውጪ። ሲዘንብ ሸኚዋ ጃንጥላ ትዘረጋለች፣ እትዬም "እርጥቡን ወደዚህ አታራግፊ" ትላለች። ቦርሳ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። ስለ ሾርባው አንዳቸውም አንሥተው አያውቁም። እትዬ አልጠየቀችም፤ ሸኚዋ ደግሞ ያልተጠየቀችውን አትናገርም።

አንድ ጊዜ ሸኚዋ ምስክር አመጣች። ቁልፍ ሠሪውን ሱፍ አስለብሳ ደጃፉ ላይ አቆመችና፣ ይኸው ገብቼበት ያልሞተ ሰው አለች። ሰውየው አደራውን ሊወጣ ጉሮሮውን ጠረገ። እመቤቴ፣ እኅትዎ እጇ የተባረከ ነው፣ እግሬን ይዛ ስታዋራኝ መሄዱ እንዴት እንደጣፈጠኝ፣ ስመለስ እንዲያውም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር ብሎ አረፈው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። እትዬ ወደ ታናሿ ዞራ "ሰማሽ?" አለችና ወንበሯን ይዛ ገባች።

እንዲህ እንዳሉ እትዬ በሰባ ዓመቷ መጋረጃ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ወጥታ ወደቀች። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲመልሷት ምድር ላይ ባለው ክፍል፣ በትልቁ መስኮት ትይዩ አስተኟት። ከእንግዲህ ወደ ደጃፉ መምጣት አትችልም፤ ሸኚዋም ከደጃፉ ማለፍ አትችልም። ዘጠኝ ቀን ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ተመለሰች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእትዬ ልጅ እናቷን ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ አልሆነም። እሷ በዚህ በር የገባች ቀን እኔን በአልጋ ልብስ ጠቅልላችሁ አውጡኝ አለች እትዬ።

ሸኚዋ ይህን ስትሰማ አሰበች። "በበር ነው ያለችው?"

"አዎ፣ አክስቴ፣ በበር።"

"ስለ መስኮት ምን አለች?"

ልጅቷ ሳቋን ማፈኗ ትከሻዋ ላይ ይታይ ነበር። ቁልፍ ሠሪው ተጠራ። የበሩን መቆለፊያ በሁለት ደቂቃ ልክፈተው ቢል፣ በሩ አልተቆለፈም፣ የተከለከለ ነው እንጂ ብላ አስረዳችው። ስለዚህ በግቢው በኩል፣ የልብስ ማስጫ ገመድ በተዘረጋበት መስኮት ሥር ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ሸኚዋ በስድሳ ሁለት ዓመቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች፤ ደረቷ ገባ፣ ሆዷ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እምቢ አለ።

እትዬ ከአልጋዋ ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አንቺ መሆንሽንማ አየሁ። ግማሽሽ የት ነው?"

"ውጪ ነው። የበሩን ትእዛዝ አክብሬ ነው።"

ከውጪ የታፈነ ድምፅ መጣ። "እመቤቴ፣ ቶሎ ይወስኑ። ይቺ ሴትዮ በነፍሴ ያልቻለችውን በወገቤ ልትጨርሰው ነው።"

እትዬ መጀመሪያ ዳሌዋን ያዘች፣ ቀጥላ አፏን። ሳቁ ያመልጣታል፣ ሲያማት "ወይኔ" ትላለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ሸኚዋ የምትይዘው ነገር ፈልጋ መጋረጃውን ያዘች፤ መጋረጃው ከነብረቱ ተነቀለና አብረው ወለሉ ላይ ዝርግፍ አሉ።

"ለእሱ ስል አጥንቴን የሰበርኩበትን መጋረጃ" አለች እትዬ እንባዋን እየጠረገች። "አንቺ ልጅ፣ ያኔም በስድስት ዓመትሽ ብርጭቆ ሳትሰብሪ ቤት ገብተሽ አታውቂም ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ በመስኮት ሆነ። የእኅቷ ልጅ ከሥሩ ጠንካራ የእንጨት ሣጥን አስቀመጠችላት። ሸኚዋ ትገባለች፣ ፀጉር ታበጥራለች፣ ወሬ ታመጣለች፣ በመጣችበት ትወጣለች። ወሬኛዋ ጎረቤት ይህን አይታ፣ ሸኚዋ አሁን ደግሞ በመስኮት እየገባች ሰው ትወስዳለች ብላ አዳረሰች። ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን መዝጋት ጀመረ፣ በዚያ ሙቀት።

በአምስተኛው ሳምንት ግን የእኅቷ ልጅ ከልብስ ማስጫው ሥር ጠበቀቻት። ለዳሌው የተነሣው ራጅ ላይ ሌላ ነገር ታይቷል፤ በሽታው አጥንቷን ሁሉ ይዞታል፤ የሚሠራ ነገር የለም አለቻት። ሸኚዋ የእኅቷን ልጅ እጅ ይዛ ቆመች። ከሁለት ሳምንት በፊት አውቃው ነበር፤ እግሩ ሲቀዘቅዝ፣ እንቅልፉ ሲረዝም፣ ምግቡ ሳህን ላይ ሲዞር ያላየችበት ቤት የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እትዬ ብትጠይቀኝ እዋሻለሁ ብላ አሰበች። ዋሽታ የማታውቅ ሰው መዋሸት ሲያምራት ከንፈሯ ይደርቃል፤ ደረቀ።

ያን ቀን በመስኮት ገብታ በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ እትዬ ጣሪያውን እያየች ነበር።

"ያን ዕለት" አለች፣ "ሾርባው ያስፈልገው ነበር?"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ በዝግታ ይመጣል ብላ አላሰበችም። "አላስፈለገውም" አለች። "አስወጪልኝ አለኝ። እሷ ፊት መሄድ አፈርኩ፣ አለ።"

እትዬ ዓይኗን ከጣሪያው ወደ መስኮቱ አወረደች። ከውጪ አንድ ሰው አንሶላ እያራገፈ ነበር።

"ልብሱን ሲቀይርም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር" አለች። "ሠላሳ አራት ዓመት። እኔ ደግሞ አንቺ ከእኔ የቀማሽኝ መስሎኝ።" ቀጥላም "ለምን አልነገርሽኝም?" አለች።

"አልጠየቅሽኝም።"

"እንዲህ ያለ ሕግ ገደል ይግባ" አለች እትዬ። ከዚያ ፊቷን ዞር አድርጋ አየቻት፤ የሾፌሩን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። "በይ እንግዲህ፣ አንሶላ ተኳሽ። የእኔን አልጋ ለስንት ሳምንት ልቁጠረው?"

ሸኚዋ ከንፈሯን ላሰች። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፣ አልወጣም። "ለሦስት። ምናልባት ለአራት።"

"ስድስት አንሶላ አለኝ" አለች እትዬ፣ እያሰላች። "ይበቃል። ነገ በበር ነይ። ቦርሳሽንም ያዢ።"

በማግስቱ ሸኚዋ ቦርሳዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሁለቱ ወንበሮች በየቦታቸው ናቸው። በሩ ክፍት ነው። እግሯን አነሣች፣ መለሰችው። የስንቱን ሰው ቤት ደፍ ተራምዳለች፣ አንዱም እንዲህ ከፍ ብሎባት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የፈለገችውን በር፣ ሲከፈትላት ጠላችው፤ መስኮቱ ይሻላት ነበር።

ከውስጥ ያ የስልክ ቤት ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ። "ይግቡ፣ መስመሩ ክፍት ነው።"

ገባች። ልማዷን ልትጀምር አልጋውን በሁለት እጇ ስትይዝ እትዬ ከለከለቻት። አልጋው ወደ መስኮቱ እንደዞረ ይቆይ፣ ከዚያ የመጣውን ያህል ደስታ በበሩ ገብቶ አያውቅም አለች። ጥፍሯን ግን አስቆረጠች፣ ይኮረኩራል እያለች። ሥራውን ደግሞ ራሷ መረጠች። ታናሿን ለመቆጣት ቢያንስ ለሚመጣው አሥር ዓመት የሚሆን ቁጣ ይቀረኛል፣ ሳልቆጣ መሄድ የለብኝም አለችና በቀን አንድ አንድ ዓመት እያደረገች ትወርድባት ጀመር። በስድሳ አራት ዓመትሽ ያንን ሰማያዊ ኮፍያ አድርገሽ እንዳትወጪ፣ እንጉዳይ ትመስያለሽ። በስድሳ ሰባት ዓመትሽ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ ለሰው ሁሉ እንዳታወሪ። ቁልፍ ሠሪውን በሰባ ዓመትሽ እንዳታገቢው፣ ከፈለግሽ አሁን አግቢው፣ ያኔ ጀርባው አይችልሽም። ሸኚዋ ጥፍር እየቆረጠች "እሺ እትዬ" ትላለች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ በነበረበት ሰዓት፣ እትዬ ልጇንም እኅቷንም ወደ አልጋዋ አስጠጋች። "ማንም ሾርባ እንዳያሞቅ" አለች። "እኔ ዓይን አፋር አይደለሁም።" ከዚያ ሸኚዋን በጣቷ ጠራቻትና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት፤ በሕይወቷ ያንሾካሾከችው የመጀመሪያ ነገር መሆኑ ነው። ሸኚዋ ይህን አላደርግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ግን ዓይኗን አልነቀለችባትም። "እሺ" አለች ሸኚዋ።

እትዬ በበሩ ወጣች፤ ሰው በዝቶ፣ ለቅሶው ጎዳናውን ሞልቶ። ከቀብር ሲመለሱ ሰዎቹ በክፍሉ ውስጥ ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር። ወሬኛዋ ጎረቤት ሳይቀር መጥታ ማንም በማይደርስበት ድምፅ ከሁሉም በላይ ታለቅሳለች። ሸኚዋ ባዶውን አልጋ አየች። ተነሣች፣ ጥቁር ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወደ መስኮቱ ሄደችና አንድ እግሯን አሻገረች።

ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ወሬኛዋ "ኧረ ሰዎች፣ ያዟት" አለች። የእትዬ ልጅ ግን እናቷ በሹክሹክታ ያዘዘችው ይህ መሆኑ ስለገባት አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሸኚዋ ወገቧ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ተወተፈች።

ቁልፍ ሠሪው ከበሩ በኩል ዞሮ ግቢው ውስጥ ደርሶ ነበር። ሱፉን እንደለበሰ ጎንበስ አለ።

"ውረጂ" አላት። "እትዬ ሳታይሽ ክብደት ጨምረሻል።"

ሸኚዋ ጫማዋን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር፤ ከኋላዋ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ቀጥሎ ሁሉም፣ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።